የገጽ ሠላሳ አንድ አንባቢዎች

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በአንደኛ ክፍል የሆነውን ነገር ሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት አድርገው ተናገሩት።

እንደ ዳይሬክተሩ አባባል፣ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ የመጡት እንግዶች ከፊት በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ገና ሳይደላደሉ፣ ሃምሳ ሁለቱ ሕፃናት መጽሐፋቸውን ከፍተው ገጽ ሠላሳ አንድን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «ዝናብ ዘነበ፣ ጣራው ጮኸ፣ ድመቷ ሮጠች»፤ አንድ ቃል አልሳቱም። ድምፃቸው አንድ ላይ ወጥቶ አንድ ላይ ሲያርፍ፣ ከእንግዶቹ አንዷ መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። ዳይሬክተሩ ይህን በሪፖርቱ ላይ ጻፈው፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍልም ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው።

እንደ ሁለተኛ ክፍሉ መምህር አባባል ግን፣ እሱ ለእንግዶቹ ወንበር ተሸክሞ ገብቶ ከጀርባ ቆሞ ነበር፤ ከጀርባ ደግሞ የሚታየው የልጆቹ ፊት ሳይሆን መጽሐፋቸው ነው። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠችው ትንሽ ልጅ የከፈተችው ገጽ አሥራ ዘጠኝን ነበር። ጣቷን ከመስመር መስመር በሥርዓት ታስኬዳለች፣ አፏ ግን ገጽ ሠላሳ አንድን ይላል። ከአጠገቧ ያለው መጽሐፉን ገልብጦ ይዟል። ከፊታቸው ያለችው ደግሞ መጽሐፉን ደረቷ ላይ ታቅፋ ጣራ ጣራውን እያየች ዝናቡን ታዘንበዋለች።

ሁለቱም አልዋሹም። ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሁለቱንም ወሬ በአንድ ቀን የሰማችው የክፍሉ አስተማሪ ናት። በዚያ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ብቻ ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማረች፣ ባልደረቦቿ «እትዬ ዜማ» የሚሏት ሴት። ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላትም። ጠዋት የፊደል ገበታው ፊት ቆማ በትሯን ስታነሳ፣ ልጆቹ ከመጀመሪያው ረድፍ ተነስተው እስከ መጨረሻው በዜማ ሲወርዱ፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ሳይወድ በግዱ እርምጃው ከነሱ ጋር ይገጥም ነበር። መጽሐፉንም እንዲሁ ነበር የምታስተምረው፤ እሷ ትላለች፣ እነሱ ይከተላሉ፣ በሦስተኛው ቀን ገጹ ቃል በቃል አፋቸው ውስጥ ነው።

«ቅር እንዳይልዎት፣ እትዬ» አላት የሁለተኛ ክፍሉ መምህር፣ ከሰው ነጠል አድርጎ። «በየዓመቱ ልጆቹን ከእርስዎ ስረከብ አፋቸው ማር ነው። አዲስ መጽሐፍ ስሰጣቸው ግን ጭጭ ይላሉ።»

«አንተ ደግሞ ከኮሌጅ ከወጣህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ሦስት ዓመቴ። ሦስቱንም ዓመት ችዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ገጽ አሥራ ዘጠኝን በዓይኔ አየሁ።»

«ይሄ ቅናት ይባላል።»

«ይባል። ልጅቷን ብቻዋን ይጠይቋትና፣ ቅናት ከሆነ ነገ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ይቅርታውን ለመስማት ቸኩላ ነበር የጠየቀቻት። ልጅቷን ክፍሉ ሁሉ ሚጢጢ ይላታል፤ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይደርስም። ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ አስቀረቻትና በብጣሽ ወረቀት ላይ «ሩ» ብላ ጻፈችላት።

ሚጢጢ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ገበታውን አየች። ጣቷን አየር ላይ አንስታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ረድፍ ወረደች፣ ወረደች፣ ስድስተኛው ላይ ቆመች፣ ወደ ጎን አንድ ሄደች። «ሩ!»

«ጎበዝ» አለች አስተማሪዋ። ተነስታ ገበታውን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችውና ሌላ ጻፈችላት፤ «ቢ»።

«ቲቸር፣ ገበታው ዞረኮ።»

«አውቃለሁ። ይቺን ብቻ በይልኝ።»

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ያዘች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው። «እሺ፣ ከየት ልጀምር?» አለች።

ከየት ልጀምር። አስተማሪዋ ያንን ጥያቄ ይዛ ሁለት ቀን ዋለች። ሃምሳ ሁለቱንም አንድ በአንድ፣ ገበታውን አዙራ፣ ሥዕሉን በመዳፏ ከልላ ጠየቀች። ካልተጠኑ ሦስት አጫጭር ቃላት ሁለቱን ያነበቡት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። አራቱንም «ማን አስተማረሽ? ማን አስተማረህ?» አለቻቸው። አንዱ ወንድሜ አለ፤ አንዷ እናቴ፤ አንዱ አጎቴ። አራተኛዋ ደግሞ የአስተማሪዋን ፊት አይታ፣ ትንሽ አስባ፣ «እርስዎ» አለች፤ ውሸት መሆኑ ከዓይኗ ያስታውቅ ነበር።

ማታ ቤቷ ስትገባ ልጇ ከሥራ ተመልሳ ራት እያቀረበች ነበር። ልጇ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እሷም በሰባት ዓመቷ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ገበታ ሥር ተቀምጣለች። እናትየዋ ይህንን ገመድ ይዛ ለመውጣት ሞከረች።

«አንቺስ? አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? ይኸው የሐኪም ጽሕፈት ሳይቀር ታነቢያለሽ።»

ልጇ ማንኪያውን አስቀመጠች። «እማዬ፣ እኔን ማንበብ ያስተማረኝ አባዬ ነው።»

«አባትሽ? አባትሽ ሹፌር ነበርኮ።»

«እሱማ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶብሱ ላይ ከኋላው ያስቀምጠኝና፣ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር 'እስቲ ከታፔላዎቹ ላይ ፋ የምትለዋን ፊደል ፈልጊልኝ' ይለኛል። ፋርማሲ ላይ አገኛታለሁ። ከዚያ ፋብሪካ ላይ። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ 'ማ የምትለዋን ፈልጊ' ይለኛል፣ ከዚያ ሁለቱን አጋጥሞ ያስነብበኛል። አንዳንዴ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ እኔ ካልጨረስኩ አይነዳም፤ ተሳፋሪው ይጮህበታል።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? ዜማሽን ስትወጂው። እሱም 'ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ሥራዬን ቀማኝ ትላለች' ይል ነበር።» ልጇ ሳቅ አለች፤ እናቷ እንዳልሳቀች ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

ባሏ ከሞተ ስድስተኛ ዓመቱ ነው። አስተማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደችበት፤ ወዲያው ደግሞ አጠገቧ ቢኖር ብላ ሆዷ ባባ። ሃያ ሁለት ዓመት በሃምሳ ስታባዛው የሚወጣውን ቁጥር ልታስብ ጀመረችና ተወችው። ያ ሁሉ ልጅ እናት ወይ አጎት ወይ ቀይ መብራት ላይ የሚቆም አባት አልነበረውም።

«ነገ ካርቶን ታመጪልኛለሽ?» አለች በመጨረሻ። «መድኃኒቱ የሚመጣበትን፣ ጠንካራውን።»

አርብ ዕለት ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ፊቱ በርቷል። በሪፖርቱ ምክንያት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሱፐርቫይዘር ልትመጣ ነው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አሥር ቃል ልታስነብብ። ከአርባ በላይ ልጆች ካነበቡ ትምህርት ቤቱ ሞዴል ይባላል፣ ልጆቹም በቀጥታ ሁለተኛ ክፍል ይገባሉ። ካላነበቡ ልጆቹ በእረፍቱ ሁለት ወር፣ አሥር አሥር ሆነው ከመጀመሪያው ይማራሉ፤ የክፍሉ አስተማሪ ደግሞ ወደ ንብረት ክፍል ትዛወራለች።

«ለእኛ ምን ያቅተናል» አለ ዳይሬክተሩ። «ማክሰኞ ያየነውን ነው የምታየው።»

እውነቱ አፏ ድረስ መጣ፤ ግን አልወጣም። ንብረት ክፍል ማለት የተሰበረ ወንበርና ጠመኔ መቁጠር ነው። ሦስት ሳምንት አለኝ ብላ አሰበች፤ ሦስት ሳምንት ብዙ ነው ብላ ራሷን አታለለች።

ከዚያ ወዲህ የአንደኛ ክፍል ዜማ ጠፋ። ገበታው እንደዞረ ቀረ። አስተማሪዋ ከካርቶኑ መዳፍ የሚያህሉ ካርዶች ቆርጣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፈች፤ በቅደም ተከተል ሳይሆን የተደባለቁ፣ በሳምንት ስድስት ብቻ። ልጆቹን በስድስት ቡድን ከፈለቻቸው። አንዱ ቡድን ከእሷ ጋር መሬት ላይ ሲቀመጥ ሌሎቹ ጓሮ አሸዋ ላይ ይጽፋሉ። ሁለት ካርድ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች፤ ልጁ እያንዳንዱን እየነካ ድምፁን ያወጣል። ከዚያ ታቀራርባቸዋለች። አሁን ቶሎ። አሁን ደግሞ ሳትቆም። «በ» እና «ር» ተገፍተው ተገፍተው ሲነካኩ አንዳንዱ ልጅ በድንገት ወደ በሩ ዞሮ ያያል፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው አገኘሁ ትላለች በሆዷ።

የሁለተኛ ክፍሉ መምህር በትርፍ ሰዓቱ እየመጣ አንድ ቡድን ይይዝላት ነበር። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እሷም አላነሳችበትም።

«ትርጉም የሌለው ቃል ይስጧቸው፣ እትዬ» አላት አንድ ቀን። «በግምት እንዳያመልጡ።»

«ቢሙ» ብላ አስቀመጠች ለሚጢጢ።

ልጅቷ ነካች። «ቢ። ሙ። ቢ፣ ሙ። ቢሙ።» አለችና ተገረመች። «ቢሙ ምንድነው?»

«ምንም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይነበባል?»

«አንቺ ስላነበብሽው።»

ሚጢጢ ይህን ረዘም አድርጋ አሰበችበት። ቀኑን ሙሉ ጓደኞቿን «ቢሙ» እያለች ስትሰድብ ዋለች።

ይሁን እንጂ አንድ ልጅ ሲያዝ ሌላው ያመልጣል። ሰኞ የያዘውን ረቡዕ የሚጥለው ብዙ ነው። ሃምሳ ሁለት ልጅን በስድስት ቡድን ስትዞር ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው ጊዜ ጫማ ለማሰር እንኳ አይበቃም። ጓሮ ያሉት ይደባደባሉ፣ አሸዋ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ለቅሶ ይመጣል። ድምፃቸው ስላልተሰማ ወላጆች ግራ ገባቸው። ልብስ ሰፊ የሆነች የአንዱ ልጅ እናት መቀሷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች።

«እትዬ፣ ልጄ ባለፈው ወር ሙሉ ገጽ ያነብልኝ ነበር። አሁን 'በር' ለማለት ያምጣል። ምን አደረጋችሁት?»

«አሁን ነው የጀመረው» አለቻት።

«እህ! ያኔ ያነበበውስ?»

አስተማሪዋ ካርዶቿን መደርደር ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እንደገና ለካቻቸው። አሥራ አንድ። ከአራት አሥራ አንድ ደርሰዋል፤ አርባ ግን ሰማይ ነው። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት። ሌላ ሁለት ወር ቢኖር ሁሉም እንደሚደርሱ አሁን ታውቃለች። ያ ሁለት ወር ደግሞ ያለው ለወደቁ ልጆች ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ጉዱን የሰማው ከልብስ ሰፊዋ ነው። ሊቆጣ መጥቶ፣ የአሥራ አንድን ወሬ ሲሰማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከኮቱ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ይቺን ይያዙ።»

«ምንድነው?»

«አሥር ቃል። ከየት መጣ ብለው አይጠይቁኝ።»

«እኔ ይህን አልይዝም።»

«እትዬ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም» አለ ዝግ ብሎ። «ሃምሳ ሁለት ልጅ በአንድ ክፍል ማጨቅ ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ስንት ማመልከቻ እንደጻፍኩ ያውቃሉ። ሞዴል ከሆንን ሌላ ክፍል ይሠራልናል፤ ለአንድ መምህር ሃያ ስድስት ልጅ ይሆናል። ያኔ በካርቶንዎ እንደልብዎ ያስተምሯቸው።»

«የዘንድሮዎቹስ?»

«የዘንድሮዎቹ…» አለና ተነሳ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱ መሳቢያዋ ውስጥ ተቀመጠ። ለሁለተኛ ክፍሉ መምህርም፣ ለልጇም አልነገረችም። እልኳን ይዛ ካርዷን ገፋች፤ አሥራ አንዱ አሥራ ሦስት ሆኑ፣ ከዚያ ሁለቱ ታመው ቀሩና ሲመለሱ ረስተውት መጡ። ሱፐርቫይዘሯ በምትመጣበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ ሰፊዋን ጨምሮ አራት እናቶች በሩ ላይ ቆመው «ነገ ልጆቻችን ይወድቃሉ የሚባለው እውነት ነው?» አሏት።

እጅ የሰጠችው ያኔ ነው። እናቶቹን «አይወድቁም» ብላ ሸኘች። መሳቢያውን ከፈተች፤ አሥሩን ቃል ሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ደረደረች፤ በትሯን ከሦስት ሳምንት በኋላ አነሳች። ጫማ፣ በር፣ ሙዝ፣ ሰማይ፣ ወንበር። ልጆቹ የናፈቁትን ያገኙ ያህል ፊታቸው በራ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ አሥሩም ቃል ዜማ ሆኖ አፋቸው ገባ። መንገደኞች በአጥሩ ሥር ቆሙ። የሁለተኛ ክፍሉ መምህር በሩ ጋ መጥቶ ሰሌዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ ተመለሰ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ፈተናው ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ሆነ። ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ልጆቹ እንዳይፈሩ አስተማሪያቸው በሩ አጠገብ እንድትቀመጥ ፈቀደችላት። ዳይሬክተሩ መስኮቱ ጋ ቆመ። የሁለተኛ ክፍሉ መምህር ልጆቹን ከሰልፉ አንድ በአንድ ያስገባል።

የመጀመሪያዋ ሚጢጢ ነበረች። ወንበሩ ላይ ተንጠላጥላ ወጣች።

«እስቲ የኔ እናት፣ አንብቢልኝ» አለች ሱፐርቫይዘሯ፣ ወረቀቱን እያቀረበች።

ልጅቷ አንደኛውን ቃል አልዘፈነችውም። ጣቷን አስቀመጠች፤ እንደ ካርዱ፣ ቀስ ብላ። «ጫ። ማ። ጫማ።» ጣቷ ወደ ሁለተኛው ወረደ። «በ። ር። በር።» ዞራ የቢሮውን በር አየች። አስተማሪዋ ወንበሯ ላይ ወደ ፊት አዘነበለች። «ሙ። ዝ።» ይቺ ልጅ እያነበበች ነው። ሰማይንም በእግሯ ወጣችው። አምስተኛው ላይ ግን ጣቷ «ወ» ላይ ቆመ። ወ ገና በካርድ አልደረሳቸውም ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣ ነው። ቀና ብላ ወደ አስተማሪዋ አየች፤ ከአስተማሪዋም ፊት የትናንቱን በትር ያስታወሰች ይመስል፣ ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ሰቅላ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ አሥሩንም በአንድ ትንፋሽ በዜማ አወረደችው።

«ጎሽ» አለች ሱፐርቫይዘሯ፤ በወረቀቷ ላይ አሥር ምልክት አደረገች። ከዚያ ግን እስክሪብቶዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። «ቀስ ብላ ስትጀምርኮ…» አለች ለራሷ ይመስል።

«ድንጋጤ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ቶሎ ብሎ። «ቀጣዩን አስገባ።»

ሁለተኛው ልጅ ገባ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው። ወረቀቱ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ «ጫማ፣ በር፣ ሙዝ» ብሎ ጨረሰው። አሥር ከአሥር። በሩ ላይ ሚጢጢ ወደ ሰልፉ ስትመለስ፣ አስተማሪዋ አጠገብ ስትደርስ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ አልተሳሳትኩም አይደል? በደንብ አልኩት አይደል?» አለቻት በሹክሹክታ። ፊቷ ላይ ጭንቀት እንጂ ደስታ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያነበበችውን ዜማው በአንድ ከሰዓት ውጦት፣ ልጅቷ የትኛው የሷ እንደሆነ ጠፍቶባታል።

አስተማሪዋ ክንዷን ያዘቻት። «አትሂጂ» አለቻትና ብድግ አለች።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁ ትእዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር። የሁለተኛ ክፍሉ መምህር የሦስተኛውን ልጅ ትከሻ እንደያዘ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሱፐርቫይዘሯ መነጽሯን አወለቀች። «ምን ፈልገው ነው?»

«እነዚህን ቃላት ትናንት ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ» አለች አስተማሪዋ። «ሁሉም ከአሥር አሥር ያመጣሉ፤ የሚያነቡት ግን ቢበዛ አሥራ ሦስት ናቸው። የንብረት ክፍሉን ቁልፍ ዛሬውኑ ልረከብ። ለልጆቹ ግን ሁለቱ ወር ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ይቅደዱትና አይተውት የማያውቁትን ቃል ይጻፉ፣ ከሚጢጢ እንደገና እንጀምራለን።»